ሲጢጥ የሚለው ዳሌ

ጤነኛ ዳሌ ድምፅ የለውም። የጭን አጥንት ክብ ራስ በዳሌ አጥንት ጎድጓዳ ውስጥ ዕድሜ ልኩን ይሽከረከራል፤ ሁለቱን ገጾች የሸፈናቸውን ልም አጥንት ቀጭን ፈሳሽ ያረጥበዋል። ሰው በተራመደ ቁጥር ከራሱ ክብደት ሁለት ተኩል፣ አንዳንዴም ሦስት እጥፍ የሚሆን ጫና እዚያች ቦታ ላይ ያርፋል። ይህም በዓመት አንድ ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይደጋገማል። ልም አጥንቱ አልቆ አጥንት አጥንትን መፋቅ ሲጀምር ግን ሕመሙ እንቅልፍ ይነሳል፤ ካልሲ ማጥለቅ፣ ደረጃ መውጣት፣ ከመኪና መውረድ ፈተና ይሆናል። ይህን መገጣጠሚያ በሰው እጅ ሥራ ለመተካት ሐኪሞች ከ130 ዓመት በላይ ደክመዋል፤ የድካማቸውም ትልቁ ክፍል ከሰበቃ ጋር የተደረገ ትግል ነው። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጅማሬው በርሊን ነው። በ1890 እና በ1891 ቴሚስቶክለስ ግሉክ የተባለ ቀዶ ሐኪም በነቀርሳ (በቲቢ) የተበሉ መገጣጠሚያዎችን እያወጣ ከዝሆን ጥርስ በተቀረጹ ይተካ ጀመር። ሐሳቡ ዘመኑን የቀደመ ነበር፤ ነገር ግን የነቀርሳው ቁስል ተመልሶ እያመረቀዘ ሥራውን አፈረሰበት። በ1923 ደግሞ ቦስተን ውስጥ ማሪየስ ስሚዝ-ፒተርሰን የተጎዳውን የጭን አጥንት ራስ በመስታወት ቆብ መሸፈን ሞከረ። መስታወት ልሙጥ ነው፤ ሰውነትም አያስቆጣም፤ ጫናውን ግን አልቻለም፣ ተሰበረ። ሐኪሙ ሌላ ሌላውን ሲሞክር 15 ዓመት ቆይቶ በ1938 የጥርስ ሐኪሞች ይገለገሉበት ወደነበረው ቫይታሊየም ወደተባለው የኮባልትና የክሮሚየም ቅይጥ ዞረ። ይህ ቆብ አልተሰበረም፤ ብዙ ሰውም ከሥቃይ አሳረፈ። በዚያው ዓመት ለንደን ውስጥ ፊሊፕ ዋይልስ ኳሱንም ጎድጓዳ ማቀፊያውንም ከማይዝግ ብረት አሠርቶ ለስድስት ሕሙማን ገጠመ። ውጤቱ ተስፋ የሚሰጥ አልነበረም፤ የዓለም ጦርነቱም መጣና ሥራው ተዳፍኖ ቀረ።

ከጦርነቱ ማግሥት ፓሪስ ተራዋን ወሰደች። ወንድማማቾቹ ዣን እና ሮበር ጁዴ በ1946 የጭኑን አጥንት ራስ ቆርጠው ከአክሪሊክ የተሠራ ክብ ራስ ይተኩበት ጀመር፤ ማቀፊያው የታማሚው የራሱ አጥንት እንደሆነ ቀረ። የመጀመሪያዎቹ ወራት ውጤት ሰውን ሁሉ አስደነቀ፤ አልጋ ላይ የቀረ ሰው ተነሥቶ ሄደ። ቀዶ ጥገናው በአውሮፓ ሁሉ ተዛመተ። ብዙም ሳይቆይ ግን አክሪሊኩ መበላትና መሰበር ጀመረ። ከዚያም በፊት አንዳንዱ ዳሌ ድምፅ ማሰማት ጀምሮ ነበር።

ይህን ድምፅ ከልቡ ያዳመጠው ሰው ጆን ቻርንሌይ ነው። ቻርንሌይ በ1911 በእንግሊዝ ላንክሻየር፣ በሪ በምትባል ከተማ ከመድኃኒት ቀማሚ አባት ተወለደ፤ ሕክምናን ማንቸስተር ተማረ። በጦርነቱ ጊዜ በእንግሊዝ ጦር ሐኪምነት ካይሮ ተመድቦ ሳለ የአጥንት መደገፊያዎች የሚሠሩበትን ወርክሾፕ ይመራ ነበር፤ የብረትና የመሣሪያ ፍቅሩ እዚያ ሥር ሰደደ። ከጦርነቱ በኋላ በቤቱ ቶርኖ ተክሎ የሚያስፈልገውን ዕቃ በእጁ ይቀርጽ ነበር። ነገሩን በራሱ ሥጋ ላይ ካላየው የማያምን ሰውም ነበር። የአጥንት ንቅለ ተከላ እንዴት እንደሚይዝ ለማወቅ ሲል ባልደረባውን ለምኖ የገዛ እግሩን አገዳ አስከፍቷል፤ ቁስሉ አመርቅዞ ለተጨማሪ ሥቃይ ዳርጎታል። ይህን ጠባዩን አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ታሪኩ በኋላ ወደዚሁ ይመልሰናል።

በ1950ዎቹ ቻርንሌይ የጁዴ ዓይነት ራስ የተገጠመለት አንድ ታማሚ አገኘ። ሰውየው ወደ ፊት ባጎነበሰ ቁጥር ዳሌው ዘይት እንዳጣ ማጠፊያ ሲጢጥ ይላል፤ ሚስቱ አብራው መቀመጥ እስኪያቅታት ድረስ እንደነበር ይተረካል። ሌላ ሐኪም ቢሆን የሚያናድድ፣ ግን ጉዳት የሌለው ነገር ብሎ ያልፈው ነበር። ቻርንሌይ ግን ድምፁ ምን እንደሚል ጠየቀ። ሲጢጥታው አክሪሊኩ በአጥንቱ ላይ እንደማይንሸራተት፣ እየተያዘና እየተለቀቀ እንደሚሄድ ይናገራል። ክብ ራሱ በማቀፊያው ውስጥ አልዞር ካለ ደግሞ የታማሚው እርምጃ ኃይል የት ይሄዳል? ራሱን ከጭኑ አጥንት ጋር ያያያዘውን ዘንግ እየነቀነቀ ያላላዋል። በብዙ ሕሙማን ላይ ድምፁ ከጊዜ በኋላ የሚጠፋውም መገጣጠሚያው ስለለሰለሰ ሳይሆን ዘንጉ ስለላላ ሊሆን ይችላል ብሎ ደመደመ። ለእኔ የዚህ ታሪክ ትልቁ ቅጽበት ይህ ነው። ሐኪሞች ሁሉ የሚያዩት የአጥንትንና የቁስልን ነገር ነበር፤ አንድ ሰው ግን ዳሌን እንደ ኩሽኔታ ተመለከተው።

ከዚያ መለካት ቀጠለ። በቀዶ ጥገና ከተቆረጠ እግር የተወሰደ ትኩስ መገጣጠሚያ ላይ ፔንዱለም አንጠልጥሎ ምን ያህል ሲወዛወዝ እንደሚቆይ አየ። የሰበቃ ልክ ማለት አንዱ ገጽ በሌላው ላይ እንዲንሸራተት የሚያስፈልገው ግፊት ለጫናው ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው። በ1930ዎቹ ሺርሊ ጆንስ የተባለ ተመራማሪ በፈረስ መገጣጠሚያ ላይ 0.02 የሚሆን ልክ አግኝቶ ነበር፤ ቻርንሌይም በሰው መገጣጠሚያ ላይ ከዚያ የማይበልጥ፣ አንዳንዴም በጣም የሚያንስ ቁጥር አገኘ። ዘይት ያልነካው ብረት በብረት ላይ ሲንሸራተት የሚኖረው ልክ ከዚህ ከሃያ እጥፍ በላይ ነው። በጊዜው የታወቀው አስተሳሰብ ሁለቱን ገጾች የሚለያያቸው የፈሳሹ ንጣፍ ነው የሚል ነበር። ቻርንሌይ በ1959 ባሳተመው ጽሑፍ ዋናው ምሥጢር በልም አጥንቱ ገጽ ላይ ነው ብሎ ተከራከረ። የዛሬ ተመራማሪዎች ሁለቱም ወገኖች ከእውነቱ ድርሻ እንደነበራቸው ይናገራሉ። ያኔ ግን ቻርንሌይ ከክርክሩ የሚፈልገውን አገኘ፦ የሰውነት ፈሳሽ ለልም አጥንት እንጂ ለባዕድ ቁስ አያገለግልም፤ ስለዚህ ሰው ሠራሹ መገጣጠሚያ ከማንም እርዳታ ሳይጠብቅ በራሱ የሚያንሸራትት መሆን አለበት።

በራሱ የሚያንሸራትት ቁስ ደግሞ ነበረ። በ1938 ዱፖንት በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ላቦራቶሪ ውስጥ ሮይ ፕለንኬት በአጋጣሚ ያገኘው ቴፍሎን፣ ዛሬ በመጥበሻ የምናውቀው፣ በብረት ላይ ሲንሸራተት ልኩ 0.05 ገደማ ነው። ከጠጣር ነገሮች ሁሉ በአንሸራታችነቱ የሚወዳደረው እምብዛም አልነበረም። ቻርንሌይ መጀመሪያ የጭኑን ራስም ጎድጓዳውንም በቀጭን ቴፍሎን ሸፈነ፤ አልሆነም። ቀጥሎ የጭኑን ራስ ጨርሶ ቆርጦ በዘንግ ላይ የቆመ የብረት ኳስ ተካበት፤ ለጎድጓዳውም ወፍራም የቴፍሎን ማቀፊያ ቀረጸ። ዘንጉ በአጥንቱ ውስጥ እንዳይነቃነቅ ደግሞ የማንቸስተር የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት ኬሚስት የነበረው ዴኒስ ስሚዝ ባመለከተው መሠረት የጥርስ ሐኪሞችን አክሪሊክ እንደ ሲሚንቶ ተጠቀመበት። ይህ ሲሚንቶ ማጣበቂያ አይደለም፤ የአጥንቱን ወጣ ገባ ሞልቶ ጫናውን በእኩል የሚያከፋፍል ነው።

ከዚያም ኳሱን ማሳነስ ጀመረ። ሌሎች ሐኪሞች ተፈጥሮን እየተከተሉ ከ40 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነ ኳስ ሲገጥሙ የቻርንሌይ ኳስ እያነሰች እያነሰች 22.225 ሚሊ ሜትር ላይ ቆመች። ምክንያቱ ቀላል ነው። ከማጠፊያው ርቆ በሩን የሚገፋ ሰው በትንሽ ጉልበት እንደሚያዞረው ሁሉ፣ ሰበቃም ከመሃል በራቀ ገጽ ላይ ሲያርፍ ማቀፊያውን የማዞር ኃይሉ ይበረታል። ኳሱ ትንሽ፣ ማቀፊያው ከውጭ ሰፊ ከሆነ ሰበቃው ማቀፊያውን ከአጥንቱ ለመንቀል አቅም ያጣል። ከማንቸስተር ራቅ ብሎ በዊጋን አጠገብ የሚገኘው ራይቲንግተን የቀድሞ የቲቢ ሆስፒታል ነበር፤ ቻርንሌይ የዳሌ ማዕከሉን የተከለው እዚያ ነው። ለአዲሱ ሥራው የሰጠው ስም በአማርኛ ቢመለስ አነስተኛ ሰበቃ ያለው የመገጣጠሚያ ቅየራ የሚል ይሆናል።

ውጤቱ ግሩም ነበር። ለዓመታት ምርኩዝ ያልተለያቸው ሰዎች በሳምንታት ውስጥ ያለሕመም ተራመዱ። ቻርንሌይ በ1961 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አዲስ ቀዶ ጥገና ብሎ አስተዋወቀው። የሕሙማኑ ቁጥር 300 ገደማ ደረሰ።

ከዚያ ሕሙማኑ እያነከሱ መመለስ ጀመሩ። በሁለት በሦስት ዓመት ውስጥ ትንሿ የብረት ኳስ የቴፍሎኑን ማቀፊያ እየቦረቦረች ወደ ላይ ገብታ ነበር። ከዚህ የከፋው ደግሞ የተፋቀው ቴፍሎን ነው። ደቃቁ ብናኝ በመገጣጠሚያው ዙሪያ ተከማችቶ ሥጋውን አስቆጥቶታል፣ አጥንቱን አስበልቶታል። ሐኪሙ ሲከፍተው አይብ የመሰለ ነገር ያገኝ ነበር። ቻርንሌይ ሰበቃን አሸንፎ በመበላት ተሸነፈ። ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፣ አንድ ግን አይደሉም። እጅግ የሚያንሸራትተው ቁስ እጅግ ቶሎ የሚያልቀው ሆኖ ተገኘ።

በዚያ ሰዓት ያደረገው ነገር ሰውየውን ይነግረናል። ሕሙማኑን ወደ ሌላ ሐኪም አልላካቸውም፤ እየጠራ የገጠመውን በገዛ እጁ አወጣ። ቴፍሎኑ በሥጋ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ለማወቅም ደቃቁን ብናኝ በራሱ ጭን ቆዳ ሥር አስቀበረ፤ ከወራት በኋላ በጣት የሚዳሰስ እብጠት ሆኖ አገኘው። ይህንንም በ1963 ለዚያው ላንሴት ጽፎ አሳወቀ። ስሕተትን እንዲህ በአደባባይ መመዝገብ በየትኛውም ሙያ ብርቅ ነው፤ በሕክምና ግን የሰው ሕይወት ይጠብቃል።

መፍትሔው የመጣው ካልታሰበ ደጅ ነው። ላንክሻየር የጥጥ ፋብሪካዎች አገር ናት። የሽመና ማሽኖች መወርወሪያውን ቀኑን ሙሉ ወዲህና ወዲያ ይወረውራሉ፤ የሚመታና የሚፋቀው ክፍላቸው ቶሎ ያልቃል። በግንቦት 1962 ለእነዚህ ማሽኖች የፕላስቲክ ጥርስና ኩሽኔታ የሚሸጥ አንድ ነጋዴ ከጀርመን የመጣ አዲስ ፕላስቲክ ይዞ ወደ ራይቲንግተን ላቦራቶሪ መጣ። ፖሊኢትሊን ነው፤ ነገር ግን ከተራው የፌስታል ፕላስቲክ እጅግ የረዘመ የሞለኪውል ሰንሰለት ያለው፣ ጠንካራ ዓይነት። የቻርንሌይ የላቦራቶሪ ባለሙያ ሃሪ ክሬቨን ቁራጩን ተቀብሎ ለአለቃው አሳየው። ቻርንሌይ በጥፍሩ ወጋ አደረገውና ጊዜህን አታባክን የሚል መልስ ሰጥቶ ሄደ። የሰበቃ ልኩ ከቴፍሎን ይበልጣል፤ ሲነኩትም ለስላሳ ይመስላል።

ቻርንሌይ ለስብሰባ ወደ ኮፐንሃገን ሲጓዝ ክሬቨን ቁራጩን መሞከሪያ ማሽኑ ላይ አሠረው። ማሽኑ ቀን ከሌት ሳይቆም እየደጋገመ ይፍቀዋል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ተፍቆ ቴፍሎን በ24 ሰዓት የሚበላውን ያህል እንኳ አልተበላም። ቻርንሌይ ሲመለስ ያየውን ማመን አቃተው፤ ካመነ በኋላ ግን አላመነታም። የዚያው ዓመት ኅዳር የመጀመሪያው የፖሊኢትሊን ማቀፊያ በሰው ዳሌ ውስጥ ተተከለ። ይህን ታሪክ የሚተርክ ሰው ሁሉ ቻርንሌይን ያወድሳል፤ ይገባዋል። ክሬቨን ያንን ቁራጭ ቢጥለው ኖሮ ግን ስንት ዓመት እንደሚባክን ማን ያውቃል? የላቦራቶሪ ባለሙያ ከአለቃው በተቃራኒ የሞከረው አንድ ሙከራ ሚሊዮኖችን አስነሥቷል።

አሁን ቻርንሌይ ከቴፍሎን የተማረውን በሥራ አዋለው። አዲሱን ዳሌ ለዓመታት ራሱ ብቻ እየገጠመ ሕሙማኑን ሲከታተል ቆየ። አምራቹ ታክሬይ የተባለው የሊድስ ኩባንያ ነበር፤ ራይቲንግተን መጥቶ ላልሠለጠነ ሐኪም ዕቃው እንዳይሸጥ ቻርንሌይ ከለከለ። ሕሙማኑንም ከሞታችሁ በኋላ ዳሌያችሁን መልሱልኝ ብሎ ጠየቃቸው፤ ብዙዎቹ ፈቀዱለት። በዚህ መንገድ ከዓመታት እርምጃ በኋላ ማቀፊያው ምን ያህል እንደተበላ በእጁ ይዞ ለካ፤ በዓመት ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ወይም ሁለት አሥረኛ ያህል ነበር። ለሰበቃ ብሎ ያሳነሳት ኳስም ሌላ በረከት አመጣች፤ ትንሽ ኳስ የምትፍቀው የቁስ መጠን ከትልቁ ኳስ ያንሳል። መመርቀዝን ለመከላከልም የተጣራ አየር የሚነፍስበት ልዩ የቀዶ ጥገና ክፍል አሠራ፤ መጀመሪያ ከ100 ሕሙማን ዘጠኙን ያህል ይይዝ የነበረው መመርቀዝ ወደ አንድ ወረደ።

በእነዚያው ዓመታት በእንግሊዝ ኖርዊች ከተማ ኬን መኪ የተባለ ሐኪም ብረትን ከብረት የሚያጋጥም ዳሌ ይገጥም ነበር። ኳሱ ትልቅ ነበር፤ በልኩ ያልተገጠመው እየጠበቀ ይይዛል፣ ዘንጉንም ያላላል። በ1970ዎቹ የቻርንሌይ ትንሽ ኳስ አሸነፈች። ፒየር ቡተን ደግሞ በፈረንሳይ ፖ ከተማ በ1970 ሴራሚክን ከሴራሚክ ጋር አጋጠመ፤ ያኔ ብዙ ሰው አልተከተለውም። ቻርንሌይ በ1977 የሰር ማዕረግ ተሰጥቶት በ1982 ዐረፈ።

ድሉ ሙሉ አልነበረም። ሐኪሞች ወጣትና ብዙ የሚራመዱ ሕሙማንን ማከም ሲጀምሩ ከአሥርና ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ በዘንጉና በማቀፊያው ዙሪያ አጥንቱ እየሟሟ ክፍተት ሲፈጥር ታየ። መጀመሪያ ጥፋቱ በሲሚንቶው ላይ ተለጠፈ፤ በሽታው ሳይቀር በሲሚንቶው ስም ተጠራ። ሲሚንቶ የሌላቸው ዳሌዎች ተሠሩ፤ አጥንቱ ግን መሟሟቱን አላቆመም። ጀርመናዊው ሃንስ-ጌዮርግ ቪለርት ገና በ1970ዎቹ ጣቱን ወደ ተፋቀው ብናኝ ቀስሮ ነበር። ፖሊኢትሊኑ በእያንዳንዱ እርምጃ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ፣ በዓይን የማይታዩ ብናኞች እንደሚለቅ ይገመታል። የሰውነት ዘብ የሆኑት ሴሎች ብናኙን ይውጣሉ፤ ሊፈጩት አይችሉምና የቁጣ መልእክት ይረጫሉ፤ መልእክቱን የሰሙት አጥንት አፍራሽ ሴሎች አጥንቱን ይበላሉ። የቴፍሎኑ ታሪክ በቀስታ እየተደገመ ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ በቦስተንና በሎስ አንጀለስ የሚገኙ ተመራማሪዎች ፕላስቲኩን በጨረር መትተው ሰንሰለቶቹን እርስ በርስ አቆላለፏቸው፤ መበላቱም እጅግ ወረደ። ዛሬ በብዛት የሚገጠመው ይህ ነው።

ሁሉም ግን ያንን መንገድ አልጠበቀም። ብናኙ ከፕላስቲክ ከሆነ ፕላስቲኩን እናውጣው ተባለና ብረት ከብረት የሚጋጠምበት ዳሌ ተመለሰ። አሁን ገጹ በጣም የተወለወለ ነው፤ ኳሱም ትልቅ ነው፤ በመሞከሪያ ማሽን ላይ በሁለቱ መካከል የፈሳሽ ንጣፍ ስለሚፈጠር መበላቱ ኢምንት ሆኖ ታየ። የሰው ዳሌ ግን እንደ ማሽኑ አይደለም፤ ማቀፊያው ጥቂት ዘመም ብሎ ከተተከለ ኳሱ በጠርዙ ላይ ይጫናል፣ ንጣፉ ይቀደዳል፣ የኮባልትና የክሮሚየም ብናኝ ወደ ሥጋና ወደ ደም ይገባል። ዲፑይ የተባለው የጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ኩባንያ በ2003 ኤ.ኤስ.አር. የተባለ ዳሌ ለገበያ አቀረበ። የአውስትራሊያ የመገጣጠሚያ መዝገብ ቀድሞ አስጠነቀቀ፤ የእንግሊዝና የዌልስ መዝገብ ደግሞ በአምስት ዓመት ውስጥ ከ100 ዳሌዎች 12 ወይም 13 ያህሉ እንደገና መቀየራቸውን አሳየ። ነሐሴ 2010 ኩባንያው ዕቃውን ከገበያ ሰበሰበ፤ እስከዚያ ግን በዓለም ዙሪያ 93 ሺህ ያህል ተሠራጭቷል። ቻርንሌይ ገና በ1960ዎቹ ዓመታትን ጠብቆ፣ ትንሽ ኳስ መርጦ፣ ሽያጩን ከልክሎ ያስተማረውን ትምህርት ለገበያ ሲባል መዝለል ይቅር የሚባል ጥፋት ነው ብዬ አላምንም።

ሴራሚኩም ተሻሽሎ በ2000ዎቹ ተስፋፋ። መበላቱ ከሁሉም ያነሰ ነው። ነገር ግን ከተገጠመላቸው ሰዎች ጥቂቶቹ ሲራመዱ ዳሌያቸው ይሰማ ጀመር፤ ያው የጁዴ ዘመን ሲጢጥታ በሌላ ቁስ ተመለሰ። ቅባቱ ሲሳሳ ሁለቱ ጠንካራ ገጾች ይነዝራሉ። ዛሬ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ የሚመርጡት የሴራሚክ ወይም የብረት ኳስ በተቆላለፈው ፖሊኢትሊን ውስጥ ነው፤ የቻርንሌይና የክሬቨን ልጅ ነው ማለት ይቻላል። በ2019 ላንሴት ላይ የወጣ ሰፊ ጥናት የአውስትራሊያንና የፊንላንድን መዝገቦች መርምሮ ከተገጠሙት ዳሌዎች 58 በመቶ ያህሉ 25 ዓመት እንደሚያገለግሉ ገምቷል።

ይህን የምታነቡና ዳሌ ለማስቀየር የተዘጋጃችሁ፣ ወይም ወላጆቻችሁን ወደ ሕንድ፣ ወደ ታይላንድ ወይም አገር ውስጥ ወዳለ ሆስፒታል የምትወስዱ ሁሉ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ኳሱ ከምን፣ ማቀፊያው ከምን እንደተሠራ ጠይቁ። ከዕቃው ጋር የሚመጣውን፣ የአምራቹ ስምና የምርት ቁጥሩ የሰፈረበትን ተለጣፊ ወረቀት ቅጂ ሳትቀበሉ ከሆስፒታል አትውጡ፤ ከፓስፖርታችሁ ጋር አስቀምጡት። ዕቃው ከገበያ ቢሰበሰብ ወይም ዳሌው ከዓመታት በኋላ ድምፅ ቢያሰማ፣ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ያንን ቁጥር ነው።